ባዶ ወንበር ካለ

ሁለት ሺህ ሃያ ሁለት ነበር። ወይስ ሃያ ሦስት? አንዷለም ያንን ጊዜ ባሰበ ቁጥር መጀመሪያ የሚሰናከለው ዓመቱ ላይ ነው። መጋቢት እንደነበረ ያውቃል። ዐቢይ ጾም እንደነበረም ያውቃል፤ በሶውን እንዴት ይረሳል! ችግሩ በጭንቅላቱ ውስጥ ያለው ጾም ሁለት መሆኑና አንዱ ከአንዱ መደባለቁ ነው። "ሃያ ሁለት ነው" ይላል መሪውን እንደያዘ። ቀዩ መብራት ሲለቅቀው ደግሞ "የለም፣ ሃያ ሦስት" ይላል። ከኋላ የተቀመጠው ተሳፋሪ ስልክ የሚያወራ ይመስለዋል። ሊያርመው የሚችል ሰው ቢኖር የሺሐረግ ነበረች። እሷ ግን አሁን ቴክሳስ የለችም። አልፎ አልፎ የዶሮ ፎቶ ትልክለታለች፣ ያለ አንዲት ቃል። እሱም ቃል ሳይጨምር በአውራ ጣት ምልክት ይመልስላታል።

የተዋወቁት በመኪናው ውስጥ ነው። አንዷለም ቤድፎርድ ይኖራል፤ አውሮፕላኖቹ ሊያርፉ ዝቅ ሲሉ ጣሪያውን የሚነኩ በሚመስሉበት አፓርትመንት። አንድ ቀን ስልኩ ላይ የተሳፋሪ ስም ብቅ አለ፤ ከነበረበት ግቢ ሁለት ሕንጻ ራቅ ብሎ። ሄዶ ፓርክ አደረገና መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

"የሺሐረግ?"

ሴትየዋ የመኪናውን በር እንደያዘች ቆመች። "እግዜር ይስጥህ" አለችው። "አሜሪካ ከገባሁ ስሜን ሳይሰብር የጠራኝ ሹፌር አንተ ነህ።"

"እኔ ደግሞ ዛሬ ገና የምችለው ስም መጣልኝ።"

ቀጭን ነበረች፣ ክንዷ ግን የበረታ። በኤርፖርቱ ሜዳ ላይ ሻንጣ ትጭናለች። ይህን ስትናገር አታሳንስም፣ አታገንንም። ነሐሴ ላይ አስፋልቱ ከጫማ በላይ ሲግል፣ ጥር ላይ የቴክሳስ ንፋስ ጆሮ ሲቆርጥ፣ እሷ የሰው ሻንጣ ከጋሪ ወደ አውሮፕላን ሆድ ታስገባለች። የሻንጣዎቹ መለያ ወረቀት ላይ ያሉትን ፊደላት እያነበበች ዓለምን በቃሏ ይዛዋለች። ያን ቀን ግን ወደ ሥራ አልነበረም የምትሄደው። ጀርባዋ ላይ ከቁመቷ የማይተናነስ ግራጫ ቦርሳ አዝላ፣ ከጎኑ ድንኳን ጠቅልላ አስራለች።

"ወዴት ነው?" አላት።

"ባዶ ወንበር ካለ፣ ማዊ ደሴት።"

"ከሌለስ?"

"ከሌለ እስኪኖር እቀመጣለሁ።"

የአየር መንገድ ሠራተኛ ስለሆነች ወንበር ከተረፈ በነጻ ትሄዳለች፤ ስታንድባይ ይሉታል። የሚከፍለው ሁሉ ገብቶ ሲያበቃ የሠራተኞቹ ስም ይጠራል፣ ወይም አይጠራም። የሺሐረግ ለዚህ የተፈጠረች ነበረች። መጠበቅ አይከብዳትም።

ከዚያ ወዲህ አንዷለም በስልኩ ሳይሆን በቃል ያመላልሳት ጀመር፤ ዕረፍት ባገኘች ቁጥር ይወስዳታል፣ ስትመለስ ይቀበላታል። በመንገድ ላይ የምትነግረውን እየለቀመ ነው ሕይወቷን ያወቀው። ሃብታም ለጫጉላ የሚሄድባቸውን ደሴቶች አንድ በአንድ ዞራለች። የአንድ ሌሊት አልጋ የሰው የወር አስቤዛ በሚበላበት አገር፣ እሷ ለሕዝብ በተፈቀደው የባሕር ዳር ሜዳ ላይ ድንኳኗን ትተክላለች፤ በሕዝብ አውቶቡስ ትጓዛለች፤ ዋናተኞች አሸዋ በሚያራግፉበት ቧንቧ ትታጠባለች። ቀን ቀን ትልልቆቹ ሆቴሎች ፊት ለፊት ነጠላዋን አንጥፋ ትቀመጣለች። "የባሕሩ ዳር የሁሉም ነው" ትላለች። "ሕጉ ነው። ወንበሩ ነው የእነሱ፤ አሸዋው የኔ ነው።"

ጉዞዋን ለጾም ነበር የምትይዘው። ፈረንጅ በጀት የሚለውን የሺሐረግ ጾም ትለዋለች። በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሱፍ፣ ኦቾሎኒ፤ ስንቋ ይኸው ነው። በሶውን በውሃ ኮዳ በጥብጣ ስትጠጣ አንዲት ፈረንጅ ከሆቴሉ ወንበር ላይ አይታት "ፕሮቲን ነው?" ብላ ጠየቀቻት አሉ። "አዎ" ብላ መለሰች የሺሐረግ፤ "ከኛ አገር የመጣ ነው፤ አባቶቻችን ጦር ሜዳ ይዘውት ይሄዱ ነበር።" ሴትየዋ የት እንደሚሸጥ ጻፊልኝ ብላ ስልኳን ሰጠቻት።

ሮውሌት ቤት የገዛችው አበዛሽ፣ የሁለቱም ወዳጅ፣ ይህን አታምንም። ሴት ልጅ ብቻዋን ከደሴት ደሴት ስትዞር ምክንያት ከሌላት አበዛሽ ምክንያት ታገኝላታለች። "የደበቀችው ሰው አለ እዚያ" ትላለች። ወደ አንዷለም ዞራም "አንተ ደግሞ አድርሰህ አምጣ! ማለቴ፣ ሹፌር ነህ ወይስ ሚዜ?" ትለዋለች። ለማኅበር የተሰበሰበው ሁሉ ይስቃል። አንዷለምም አብሮ ይስቃል። ሚዜ መሆን ግን አልፈለገም።

ነገሩን ለራሱ ያመነው የሺሐረግ በአንድ የጥር ቀን መኪናው ውስጥ ድንገት ስትናገር ነው። አየር መንገዱ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በዓመት አንድ ሰው ያስመዘግባል፤ ባል ይሁን፣ እህት ይሁን፣ ወዳጅ ይሁን ግድ የለውም። ያ ሰው ከሠራተኛዋ ጋር በነጻ ይበራል። ብቻውን ግን አይበርም፤ እሷ ከሌለች እሱም የለም።

"የኔ ቦታ በየዓመቱ ባዶ ነው" አለች። "ስምህን ላስገባው?"

"እኔ? በዚህ ዕድሜዬ ድንኳን?"

"መሬት ላይ አልተኛህም እንዴ ስታድግ?"

"ከዚያ ለመውጣት ነዋ የተማርኩት!"

ሳቀች። እሱም ሳቀ። ከዚያ እንዳይቀርበት ቶሎ ብሎ "አስገቢው" አለ።

ያን ምሽት የቤቱ ጣሪያ ላይ አውሮፕላን ሲያልፍ አንዷለም ሻዩን ይዞ ቆመ። ሊጠይቃት ፈለገ። ሁለት ቤት፣ ሁለት ማሰሮ፣ ሁለት የበር ቁልፍ ከሚሆን አንድ ቢሆንስ? ይኸው ነው፤ ከዚህ አይረዝምም። ግን እንዴት ይጠየቃል? አንዷለም ዕድሜው ከሃምሳ አልፎ ሴት ጠይቆ አያውቅም። አሰላ ጂኦግራፊ ያስተምር በነበረበት ጊዜ የልጁን የኤዶምን እናት የጠየቁለት ሦስት ሽማግሌዎች ናቸው። እነሱ ውስጥ ሲነጋገሩ እሱ ውጭ አጥር ተደግፎ ጫማውን ሲያይ ነው ነገሩ ያለቀው። ያ ትዳር ዳላስ፣ ሌክ ሃይላንድስ ድረስ መጥቶ እዚያው በጸጥታ አበቃ፤ ሲያበቃም ማንም ጮክ ብሎ አልተናገረም። አባቱ "ዝም አይነቅዝም" ይሉ ነበር። አንዷለም በዚህ ምክር ኖሯል።

*

የሄዱት ካዋይ ወደምትባለው ደሴት ነው። አንዷለም ብላክቦርድ ላይ በጠመኔ እየነጠበ ያሳያት የነበረች፣ ከውቅያኖሱ መካከል የወደቀች ነጥብ። ነጥቧ ውስጥ ግን ማንም ያልነገረው ነገር ነበረ፤ ዶሮ። ዶሮ በኤርፖርቱ በር፣ ዶሮ በአውቶቡስ ፌርማታ፣ ዶሮ በቤተ ክርስቲያን ደጅ። ባለቤት የላቸውም።

"የማን ናቸው?" አለ አንዷለም።

"የማንም።"

"እንዴት የማንም? ይኼ ሁሉ ዶሮ!"

"አንዱ፣ ጾም ነው።"

"እኔ ምን አልኩ?"

ድንኳኑን ለመትከል ግማሽ ቀን ፈጀበት። እሷ ሳትቸኩል አየችው፣ ከዚያ ነቅላ እንደገና ተከለችው። በእሑዱ ቀን የደሴቲቱ ሰዎች በየቤተሰባቸው ወደ ሜዳው መጡ፤ ልጆች፣ ከበሮ የሚያክል የበረዶ ሳጥን፣ አሮጊቶች በተጣጣፊ ወንበር። የሺሐረግ ልትታጠብ ወደ ቧንቧው ሄደች። አንዷለም እርቦት ነበር። የድስቱን ክዳን እንደ ገበታ አድርጎ በሶውን በዘይትና በበርበሬ አሽቶ ጭብጦ አወጣ፤ ዳቦ ቆሎውንም አጠገቡ በነጠላው ላይ ዘረገፈው። የመጀመሪያውን ጉርሻ ወደ አፉ ሲያደርስ ሁለት ወጣቶች የባሕር መንሸራተቻቸውን ታቅፈው አጠገቡ አለፉ።

ሰው አጠገብህ ሲያልፍ እየበላህ ዝም ትላለህ? አንዷለም በሕይወቱ ዝም ብሎ አያውቅም።

"ካም! ኢት ዊዝ አስ!" አላቸው።

የሺሐረግ ጸጉሯ እየተንጠባጠበ ስትመለስ አንዷለም ባዶ ክዳን ይዞ ተቀምጧል። ነጠላው ላይ የቀረ ነገር ቢኖር ፍርፋሪ ነው፤ እሱንም ዶሮዎቹ ከበውታል።

"ስንቁ የት አለ?"

"እንግዳ መጣ።"

"የምን እንግዳ?"

"እየበላሁ አለፉ። ምን ልበል ታዲያ? ኑ አልኳቸው።"

"እነሱስ?"

"መጡ።"

"አንዱ!"

"ሦስቴ እምቢ ይላሉ ብዬ ነዋ! 'አይ፣ በልተናል' ይላሉ ብዬ።"

"አንዴም እምቢ አላሉ?"

"አንደኛው እንዲያውም ጓደኞቹን ጠራ። ከዚያ ከዛፉ ሥር የነበሩት አሮጊት ከነልጅ ልጆቻቸው መጡ። 'ምን ይባላል?' አሉኝ። በሶ አልኳቸው። 'ሌላ አለ?' አሉኝ። እንዴት የለም እላለሁ? ከረጢቱን ከፈትኩት።"

"የሳምንቱን?"

ባዶውን ከረጢት ከፍ አድርጎ አሳያት። የሺሐረግ አሸዋው ላይ ቁጭ አለች። የተቆጣች መስሎት ነበር። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ግን አየ። ሳቋ ሲፈነዳ ዶሮዎቹ ሸሹ። እንደዚያ ስትስቅ አይቷት አያውቅም፤ ከዚያ ወዲህም አላየም።

ዓይኗን እየጠረገች እንዲህ አለችው። "ስማኝ። ከልብህ ካልሆነ አትጋብዝ። እኔ እዚህ ስመላለስ የተማርኩት ይኼንኑ ነው። ሰው ነይ ካለኝ እሄዳለሁ። ሂጂ ካለኝም እሄዳለሁ። ከኋላው ሌላ ነገር አለው ወይ ብዬ መፈተሽ ትቻለሁ። እሱ ነው ያደከመኝ፤ ሻንጣው አይደለም።"

አንዷለም ራሱን ነቀነቀ። ሰማ። ለማስታወስም ለራሱ ቃል ገባ።

በነጋታው ወደ ሱቅ ሄዱ። አንዷለም አንድ ዳቦ አነሳ፣ ዋጋውን አየ፣ የተኛ ሕፃን እንደሚያስቀምጥ ሰው ቀስ ብሎ መለሰው። የሺሐረግ በገቡበት መንገድ መልሳ መራችው፤ በሙዝና በውሃ ዋሉ። ዶሮዎቹ ድንኳኑ ዙሪያ ይንጎራደዳሉ።

"ዶሮ ሞልቶ ሰው ይራባል?" አለ አንዷለም።

"ቢላ የለንም።"

"ጾም ነው በይ እንጂ!"

"እሱንም አልኩህ፤ አልሰማህም።"

አመሻሹ ላይ እኒያ አሮጊት ብቻቸውን መጡ። የልጅ ልጆቻቸው ሎላ ይሏቸዋል፤ በፊሊፒንስ ቋንቋ አያት ማለት ነው። በእጃቸው በቅጠል የተሸፈነ ድስት ነበር፤ ሩዝ፣ ዓሣ፣ የተቆረጠ ፓፓያ። "የትናንቱን ለመመለስ ነው" አሉ።

አንዷለም ሊግደረደር አፉን ሲከፍት የሺሐረግ በክርኗ ጎሸመችው። ድስቱን ተቀበለ።

"ዓሣ ግን ይጾማል ወይስ አይጾምም?" አላት በአማርኛ፣ እየጎረሰ።

"ጎርሰህ ነው የምትጠይቀኝ?"

ሎላ አብረዋቸው ተቀመጡ። ልጃቸው ኑሮው ከብዶት ላስቬጋስ ገብቷል፤ ክፍሉ ባዶ ነው፤ ቤቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ነው፣ የፓፓያ ዛፍ ያለበት። የሺሐረግ ስታዳምጥ ጣቷ አሸዋው ላይ መስመር ይጭር ነበር። አንዷለም ይህን አየ፤ ግን ምንም አልመሰለውም። ዓሣው ላይ ነበር።

በመጨረሻው ምሽት ሁለቱ ብቻ ባሕሩን ፊት ለፊት ይዘው ተቀመጡ። ፀሐይዋ ገብታ ሰማዩ ገና ቀይ ነበር። አሁን ነው፣ አለ በሆዱ። በመጀመሪያ የተናገረችው ግን እሷ ናት።

"ዳላስ ዕረፍት ስሆን ስልኬ አይጮህም" አለች። "ቀኑን ሙሉ ጠረጴዛ ላይ አድርጌ አየዋለሁ። እዚህም አይጮህም። ግን እዚህ ባይጮህ አይገርመኝም። ገባህ?"

ገብቶት ነበር። የሷን ስልክ ማስጮህ የሚችል ሰው አጠገቧ ተቀምጦ ነበር። ደግሞ ሌላም ነገር ጠረጠረ፤ ብቻዋን መሆን የምትወድ ሴት ብትሆንስ? ሰው አጥታ ሳይሆን ሰው ጠግባ ቢሆንስ? ይህንንም መጠየቅ ነበረበት። አፉን ከፈተ።

"የድንኳኑ ገመድ ላልቷል" አለ።

ዞር ብላ አየችው። ድንኳኑንም አየችው። ገመዱ አልላላም ነበር። "ነገ እናጠብቀዋለን" አለችው፣ በለሰለሰ ድምፅ።

ሲመለሱ ሁለት ወንበር ተገኘ፤ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ። አንዷለም ውቅያኖሱን በሙሉ የሺሐረግን ማጅራት እያየ ተሻገረው።

*

ዓመቱ አለፈ። ለአዲሱም ዓመት ስምህን እዚያው ልተወው ስትለው "ተይው" አላት፤ እዚህ ላይ ብቻ አልፈራም። በመካከሉ ያለ እሱ ሁለቴ ወደ ካዋይ ሄዳ ተመለሰች፤ ሎላ አሟቸው ነበር፣ ላያቸው ነው አለችው። ከዚያ ጾም ሊይዝ ሲል አንድ ከሰዓት በሩን አንኳኳች። ሦስት ድስት ታቅፋለች።

"እነዚህን ያዝልኝ። ማለቴ፣ ውሰዳቸው።"

"ለምን?"

"ትራንስፈር አፕላይ አድርጌ ነበር። የካዋይ ኤርፖርት። ሰጡኝ።"

"ለስንት ጊዜ?"

"ለመኖር ነው አንዱ።"

ድስቶቹን ተቀብሎ የት እንደሚያስቀምጣቸው ጠፋው። "እዚያ እኮ ዳቦ እንኳ..." አለ።

"የሎላን ክፍል ይዣለሁ። ብቻቸውን ናቸው። እኔም ብቻዬን ነኝ።" የላይኛውን ድስት ክዳን አስተካከለች። "ሶ፣ ስምህ እስከ ታኅሣሥ አለ። ይዘኸኝ ሂድ፤ ሳምንት ቆይተህ የመልሱን ቲኬት ገዝተህ ትመለሳለህ።"

እሷ ከሄደች በኋላ አንዷለም ወጥ ቤቱ ውስጥ ቆሞ አሰበው። ሎላን ማን ጠራቸው? እሱ። ኑ እንብላ ብሎ። በገዛ ጭብጦው የሺሐረግን የሚወስድበትን ቤት ጋብዟል። ብቻውን ሳቀ፤ ሳቁ ግን አልቆየም።

አሁን ጊዜ የለም። አበዛሽ ሰምታ ኮል አደረገች። "ሽማግሌ እልክልሃለሁ! እኔ ራሴ እሄዳለሁ!"

"ሴት ሽማግሌ የት አለ?"

"ቴክሳስ አለ!"

"ተይ አበዛሽ። ራሴ እጠይቃታለሁ።"

"አንተ? አንተ ቤንዚን ለመጠየቅ የምትፈራ?"

ልጁ ኤዶም ከኦስቲን ስትደውል ሳያስበው ነገራት። ኤዶም አማርኛዋን እንደ ጠባብ ጫማ ነው የምትለብሰው፤ ግን ለአባቷ ትሞክራለች። "ባባ፣ ጀስት ጠይቅ። እሷ ኖ ካለች፣ ኖ ነው። አንተ ኦኬ ትሆናለህ።"

"ኦኬ እሆናለሁ?"

"ኖ" አለች ኤዶም፣ ትንሽ አስባ። "ግን ታውቃለህ።"

አውሮፕላን ውስጥ እጠይቃታለሁ ብሎ ወሰነ። መንገዱ ረጅም ነው፤ የድንኳን ገመድ የለም፣ ዶሮ የለም፣ መሸሻ የለም። ተሳፋሪ ካደረሰ በኋላ ባዶ መኪና ውስጥ ይለማመድ ጀመር። "የሺ፣ እኔና አንቺ" ይላል ለመስታወቱ። "የሺ፣ አንድ ቤት ብንሆን፤ እዚያም ቢሆን፣ እዚህም ቢሆን።" እዚያም ቢሆን የሚለውን ሲጨምር ራሱን አስደነገጠው። እውነት ነበር። ሹፌር በየትም አገር ሹፌር ነው። ደሴት ላይም መንገድ አለ።

በሶ አዘጋጀ። ሁለት ከረጢት አደረገው። በአንዱ ላይ በእስክሪብቶ "የእኛ" ብሎ ጻፈ፤ በሌላው ላይ "የእንግዳ"።

የሄዱበት ቀን ትምህርት ቤቶች የተዘጉበት ሳምንት ላይ ዋለ። ኤርፖርቱ በገለባ ባርኔጣ ሞልቶ ነበር፤ ልጆች ገና ከዳላስ ሳይነሱ የዋና መነጽር አጥልቀዋል። የሺሐረግ ግራጫ ቦርሳዋን አዝላ ተቀመጠች፤ ሕይወቷ በሙሉ እዚያ ውስጥ ነው፣ የቀረው የሱ ወጥ ቤት ሦስት ድስት። አንዷለም አጠገቧ ተቀምጦ ጉልበቱን ያሻሽ ነበር።

"ምን ሆንክ?"

"ምንም። ስንገባ እነግርሻለሁ።"

"አሁን ንገረኝ።"

"አይ፣ ስንገባ።"

ፈገግ አለች። አንዷለም ያንን ፈገግታ ብዙ ጊዜ መልሶ አይቶታል፤ ምናልባት ታውቅ ነበር። ምናልባትም አላወቀችም።

የከፈሉት ገቡ፤ የቤተሰብ ጭፍራ፣ ሙሽሮች፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚገፉ ሽማግሌ። አዳራሹ ቀስ በቀስ ተራቆተ። በመጨረሻ የበሩ ሠራተኛ የሺሐረግን ስም ሰባብራ ጠራችው። ሁለቱም ተነስተው ሄዱ።

"አንድ ወንበር ነው ያለኝ" አለች ሠራተኛዋ። "በሩን ልዘጋ ነው። አንቺ ትሄጃለሽ? ወይስ ትቀራላችሁ?"

"እንቀራለን" አለች የሺሐረግ። ወደ አንዷለም ዞራ በአማርኛ "ግድ የለም፣ ነገ አብረን እንሄዳለን" አለችው።

አንዷለም ከዚህ የበለጠ የሚፈልገው ነገር አልነበረም። ነገ አብረን። ግን ሰው በሱ ምክንያት ከመንገዱ ሲቀር ዝም ማለት አልተማረም። አፉ ከልቡ ቀደመ።

"እንዴት ተደርጎ! ለኔ ብለሽ? አንቺ ሂጂ፣ በሞቴ!"

"ሥራ የምጀምረው ከነገ ወዲያ ነው እኮ።"

"አይሆንም፣ አይሆንም። ወንበር ተገኝቶ? ሂጂ።"

ሠራተኛዋ ሰዓቷን አየች። የሺሐረግ ግን አልቸኮለችም፤ መጠበቅ የምታውቅ ሴት ናት። ፊቱን ፈለገችው።

"ከልብህ ነው?" አለችው።

በአንዷለም ደንብ ገና አንድ ዙር ይቀር ነበር። እሱ ሂጂ ይላል፣ እሷ እምቢ ትላለች፣ ተጎታትተው ተጎታትተው ይቀራሉ። እንደዚያ ነው የሚሆነው።

"ከልቤ ነው" አለ።

"እሺ" አለች የሺሐረግ።

እጁን ጨበጠችው፤ ጉንጩን ሳመችው፤ እጇ እንደ ገመድ ሸካራ ነበር። ወረቀቷን ተቀብላ ወደ በሩ ተራመደች።

"የሺ!" አለ።

ዞረች። "ምን?"

በእጁ ሁለት ከረጢት ነበር። ሁለቱንም ዘረጋላት። "በሶው።"

የተጻፈባቸውን አየች። "የእኛ" የሚለውን ትታ "የእንግዳ" የሚለውን ወሰደች፤ "ይኼ ለሎላ ነው" ብላ። ከዚያ ወደ አውሮፕላኑ በሚያስገባው ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ገባች። ግራጫው ቦርሳ ጀርባዋንም ማጅራቷንም ሸፍኗት ከኋላ ሲያዩት ብቻውን የሚሄድ ይመስል ነበር። ከጎኑ የተጠቀለለው ድንኳን ገመድ በእርግጥ ላልቶ ወለሉን እየነካ ይጎተታል። አንዷለም ሊነግራት አፉን ከፈተ። እሷ ግን መታጠፊያው ጋ ደርሳ ነበር።